ሦስት ጊዜ የሚለመን ባትሪ

በኮምቦልቻ የዕቃ መፈተሻ ጣቢያ ውስጥ አንድ የእንጨት ወንበር አለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከአምስት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ፎቶ ተነሥቷል። የተለየ መልክ ኖሮት አይደለም፤ እንዲያውም አንድ እግሩ ያነክሳል። ደንቡ ግን «የካሜራ ባትሪ ሲፈተሽ ካሜራው እስኪጠፋ ድረስ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ፎቶ ያንሣ» ይላል። በጣቢያው ውስጥ ደግሞ ከአለቃው ከአቶ አቤኔዘር ቀጥሎ የማይንቀሳቀሰው ያ ወንበር ነው።

ይህን ሁሉ ፎቶ ያነሣችው ወይዘሮ ሂክማ ይመር ናት። በ2074 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ዕድሜዋ ሃምሳ ዘጠኝ ነበር፤ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ቀርቷታል። ሥራዋ ባትሪ መፈተሽ ነው። በካሜራ፣ በጺም መላጫ፣ በጁስ መፍጫ፣ በግድግዳ ሰዓት እያስገባች ስንት ሰዓት እንዳገለገለ ትመዘግባለች፣ ከመቶ ውጤት ትሰጣለች፣ ከሥሩ ክብ ማህተሟን ታሳርፋለች። ማህተሙ ላይ ስሟ ተቀርጿል። በከተማው ሰው ዕቃ ሲገዛ ሣጥኑን ገልብጦ «የሂክማ አለበት?» ይላል። ከሌለበት ባለሱቁን እያየ ይስቅና ይወጣል።

በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከየግድግዳው ተነቅሎ ካለቀ ቆይቷል። ከበሩ እስከ ካውያው፣ በቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ የሚሠራው አውራ ጣት በምታክል አንድ ዓይነት ባትሪ ነው። ባትሪዎቹ ሲደክማቸው ተሰብስበው ገበታ የሚባለው ሰሌዳ ላይ ይቀመጡና ይሞላሉ። የከተማው ፋብሪካ እርስ በርስ እንዳይሻሙ ብሎ፣ ከአንድ ትሪ እንዴት ተካፍሎ እንደሚበላ እንዲማሩ የሦስት ሺህ የወሎ ቤተሰብ ምሳ የተቀረጸበት ቅጂ ሰጥቷቸዋል። ሣጥናቸው ላይ «ተካፍሎ የሚበላ ባትሪ» ተብሎ ተጽፏል።

ተማሩም። ጎረቤት ስልኩን ይዞ መጥቶ ገበታቸው ላይ ቢያስቀምጥ መጀመሪያ የሚሞላው የእንግዳው ስልክ ነው። ከመካከላቸው አንዱ አርጅቶ የሞተ እንደሆነ የቀሩት ሦስት ቀን አይሞሉም፤ ቤቱ ሦስት ቀን ሻማ ያበራል፣ ጎረቤትም ምግብ አብስሎ ያመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ተገርሞ ነበር። አሁን «ዛሬ ቤታችን ባትሪ ሞቶብን ነው» ካሉ ከሥራ መቅረት ይፈቀዳል።

ችግሩ የመጣው ፋብሪካው ባትሪውን ከወሎ አልፎ በመላው አገር ልሽጥ ያለ ጊዜ ነው። ፈቃድ ለመስጠት ከአዲስ አበባ አንድ ኢንስፔክተር ተላከ። አቶ ያፌት ደምሰው ይባላል፤ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሸሚዙ እስከ መጨረሻው ተቆልፏል፣ ሲናገርም መመሪያ የሚያነብ ይመስላል።

ሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርስ የጣቢያው ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ነበር። ወጥ ቤቱን የያዙት እትዬ ሰዓዳ፣ የሰባ ዓመት አዛውንት፣ ገና በሩ ላይ ሲያዩት ትሪውን ጠጋ አደረጉ።

«ና ልጄ፣ ምሳ ቀርቧል።»

«አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አለ ያፌት።

«የት ነው የበላኸው? ከከሚሴ እስከዚህ እኮ ድንጋይ ነው ያለው! ና ቅመስ!»

«ኧረ በእውነት ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ! ቆሜ ነው የምለምንህ?»

ያፌት እጁን ታጠበ። ተጋቢኖው ሁለት ጊዜ ተጨመረለት፤ ሂክማ ራሷ ሁለት ጉርሻ አጎረሰችው። ማንም ልብ አላለውም፤ እንግዳ እንዲህ ነው የሚበላው።

ማክሰኞ ፍተሻው ተጀመረ። ያፌት ሃያ አራት አዳዲስ ባትሪዎች ገበታው ላይ ደረደረ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆመ። በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሃያ አራቱም ጠገብን ብለው አረንጓዴ አበሩ። «ፈጣን ነው» ብሎ ጻፈ፣ አነሣቸው፣ በየዕቃው ከተታቸው።

በሂክማ እጅ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ፎቶ የሚያነሣው ካሜራ ሦስት መቶ ስልሳ ሁለተኛው ላይ ጠፋ። ጁስ መፍጫው ፓፓያውን ግማሹን ፈጭቶ ግማሹን እንዳለ ተወው። የግድግዳው ሰዓት ሰባት ከሩብ ላይ ቀጥ አለ። ያፌት በደንብ ልየው ብሎ አንዱን ባትሪ ወደ ሆቴሉ ወስዶ በራሱ መላጫ ውስጥ ከቶት ነበር፤ ረቡዕ ጠዋት ወደ ቢሮ የመጣው ቀኝ ጉንጩ ተላጭቶ ግራው እንደ ጎፈረ ነው። አቶ አቤኔዘር ሳቅ ሲያንቀው መስኮት ሊከፍት ተነሣ። ከተቀመጠበት ሲነሣ በዚያ ወር የመጀመሪያው ነበር።

«ውጤቱ ሠላሳ አንድ ነው» አለ ያፌት፣ ባልተላጨው ጉንጩ ወደ ሂክማ ዞሮ። «እርስዎ ስድስት ዓመት ሙሉ ዘጠና ሰባት ሰጥተዋል።»

«ሰጥቻለኋ! ዘጠና ሰባት ስለሆነ።»

«አንድ ዓይነት ባትሪ፣ አንድ ገበታ፣ አንድ ወንበር። ልዩነቱ የፈታሹ ሰው ብቻ ነው።»

«እና ምን ማለትዎ ነው?»

«ሐሙስ ደግሜ እፈትሻለሁ። ከስልሳ በታች ከመጣ ማህተምዎን ተረክቤ እሄዳለሁ። ስምዎም በሐሰተኛ ፈታሾች መዝገብ ውስጥ ይገባል። እስከዚያ ገበታው አጠገብ እንዳይደርሱ።» ከኪሱ ቀይ ቴፕ አውጥቶ ወለሉ ላይ መስመር ለጠፈ።

ሂክማ አለቀሰች። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተሳደበች፣ ከዚያ ነው ያለቀሰችው። ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ነጥብ ጨምራ አታውቅም፤ የእህቷ ልጅ ላመጣው የማሞቂያ ባትሪ እንኳ አርባ ሁለት ሰጥታ ሁለት ዓመት ተኳርፈዋል። አሁን ሁለት ወር ሲቀራት ሌባ ተብላ ልትወጣ ነው። በጣም የከነከናት ደግሞ ሰውዬው አለመዋሸቱ ነበር። ሠላሳ አንዱን በዓይኗ አይታዋለች።

ዓይኗን አብሳ ወደ መዝገብ ክፍሉ ገባች። የጣቢያው ካሜራዎች ፍተሻውን ሁሉ ይቀርጻሉ። የራሷን ያለፈ ወር ፍተሻ በአንዱ ስክሪን፣ የያፌትን በሌላው ከፍታ ጎን ለጎን ታይ ጀመር። እሱ ሃያ አራት ደረደረ፤ እሷም ሃያ አራት ደረደረች። አረንጓዴ በራለት፤ አረንጓዴ በራላት። እሱ አነሣ።

እሷ ግን አላነሣችም። አንዱን ባትሪ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋለች። አፏም ይንቀሳቀሳል።

«ምን እያልኩ ነው?» አለች ሂክማ ለራሷ፣ ድምፁንም ከፈተችው።

«አይ፣ ገና ነህ፤ ጨምር እንጂ» ትላለች ስክሪኑ ላይ ያለችው ሂክማ። ባትሪው ቢጫ ሆኖ መሙላት ይቀጥላል። ቆይቶ እንደገና አረንጓዴ። «እስቲ ትንሽ፣ ስለ እኔ ብለህ።» ቢጫ። አሁንም አረንጓዴ። «በሞቴ! ይቺን ብቻ!» ቢጫ። ሃያ አራቱም እንዲህ እያሉ መሙላታቸው ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ብትለምናቸውም አረንጓዴው አልተለወጠም። ያን ጊዜ በእውነት ጠግበዋል።

ሂክማ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠች። ሰው ከዕቃ ጋር ያወራል፤ በሬዲዮ ይቆጣል፣ መኪናውን ይለምናል። እሷም፣ እናቷም፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ባትሪውን እንዲህ እያለ ሲሞላ ነው የኖረው፤ ልብ ያለው ሰው ግን አልነበረም። የሦስት ሺህ ቤት ምሳ! ከአንድ ትሪ መካፈሉን ብቻ ይማራሉ ያላቸው ማን ነው? ገና በመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ ርቦኛል» የሚል ሰው በዚያ ሁሉ ቅጂ ውስጥ ከየት ይገኛል? ሆዷን ይዛ ሳቀች። ፋብሪካው በመመሪያው ወረቀት ላይ ያልጻፈውም ለዚህ ነው። ለምኑ ብሎ መጻፍ ለኮምቦልቻ ሰው በአፍንጫችሁ ተንፍሱ ብሎ እንደመጻፍ ነው።

ሮጣ ወደ ያፌት ሄደች፣ ቅጂውን አሳየችው። ያፌት ሁለት ጊዜ በጥሞና አየው። ፊቱ በራ፤ ሂክማም ገባው ብላ ደስ አላት።

«በሞቴ» አለና ያፌት በማስታወሻው ላይ ጻፈ። «ድብቅ ቃል። ፋብሪካው ባትሪው ውስጥ ቀብሮታል፣ ለእርስዎ ብቻ ነግሯል። ፈታሹ ቃሉን ሲናገር ውጤቱ ይጨምራል። ከጠረጠርኩት በላይ ነው!»

«የምን ድብቅ ቃል? ይሉኝታ ነው እንጂ!»

«ወይዘሮ ሂክማ፣ ዕቃ ይሉኝታ የለውም። ጠገብኩ ካለ ጠግቧል።»

«ሰውስ ጠገብኩ ካለ ጠግቧል?»

«በእርግጥ» አለ ያፌት፣ ብዕሩን እየከደነ። «ሰው ያለውን ነው የምንይዘው። ሌላ ምን እንይዛለን?»

ሂክማ ዞር አለች። ቀይ መስመሩን ሳትረግጥ ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ስትመጣ ያፌት ያረፈበት ሆቴል በር ላይ ጥቁር ጨርቅ ታስሯል። ዘበኛውን «ምን ሆናችሁ?» ብላ ጠየቀችው።

«የልብስ ማጠቢያው ባትሪ አረፈ። ገበታው በሙሉ ሐዘን ላይ ነው፤ ምድጃ አይሠራ፣ ምን አይሠራ። እንግዶቹን ቁርስ ሳናበላ ነው የሸኘናቸው፣ አፍረናል።»

«ያ የአዲስ አበባው ሰውዬም አልበላም?»

«ውሃ ጠጥቶ ነው የወጣው፣ ምስኪን።»

ሂክማ «አብሽር፣ ያጽናችሁ» አለችው፣ ፊቷን ግን ማኮሳተር አልቻለችም። በቀጥታ ወደ እትዬ ሰዓዳ ወጥ ቤት ገባች።

«እትዬ ሰዓዳ፣ ዛሬ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ሰውዬውን ምሳ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁት። በልቻለሁ ካለ እሺ ብለው ይመለሱ።»

እትዬ ሰዓዳ ማማሰያውን አስቀመጡ። «አንድ ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ።»

«አንቺ ልጅ ምን ነካሽ? እንግዳ? አንድ ጊዜ ጠይቄ? ሰው ምን ይለኛል! ልጆቼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል!»

«ማህተሜን ሊወስድብኝ ነው፣ እትዬ። ስሜን ሊያጠፋው ነው።»

አዛውንቷ ዓይኗን አዩት። አልቅሳ እንደነበር ያስታውቃል። «አላህ ይቅር ይበለን» አሉና ሽሮውን ማማሰል ጀመሩ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ትሪው ቀረበ። በዚያ ቀን ሽሮው ምን እንደ ነካው አይታወቅም፣ ሽታው እስከ አስፋልቱ ይጠራል። ያፌት ገባ፤ እንዳጋጣሚ የመጣ መስሎ በሩ ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ምሳ ቀርቧል» አሉ እትዬ ሰዓዳ በቀጭን ድምፅ።

«አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አለ ያፌት።

«እሺ።»

አቶ አቤኔዘር ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ማኘኩን አቆመ። እትዬ ሰዓዳ ሁለት እጃቸውን በሽርጣቸው ጠቅልለው ግድግዳውን ያያሉ። ሂክማ «በሞቴ» የምትለው ቃል እስከ ጥርሷ መጥታባት ምላሷን ነከሰች። ያፌት ትንሽ ቆመ፤ ትሪውን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ሁለተኛውን ልመና ይጠብቃል፣ ሁለተኛው አይመጣም። «እንግዲህ…» አለ፣ ግን አልጨረሰውም። ዞሮ ወጣ። የጣቢያው ሰው ያን ምሳ የበላው አንገቱን ደፍቶ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁለተኛው ፍተሻ ተጀመረ። ያፌት አዲስ ሃያ አራት ባትሪ ደረደረ። በአሥራ አምስት ደቂቃ አረንጓዴ አበሩ፤ አንዱን አንሥቶ ካሜራው ውስጥ ከተተ፣ ሃያ ሦስቱን ገበታው ላይ እንዳሉ ተዋቸው። ካሜራው ድምፅም ሥዕልም እየያዘ ወንበሩን ያነሣ ጀመር። ሂክማ ከቀይ መስመሩ ወዲህ ተቀምጣለች፤ ማህተሟ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነው። አቶ አቤኔዘር ለምስክርነት ማዶ ተቀምጧል። ከካሜራው ቀጭ፣ ቀጭ በቀር የሚሰማ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ከያፌት ሆድ አንድ ድምፅ ወጣ። ረጅም ነበር፤ ከታች ተነሥቶ፣ መሐል ላይ ዞር ብሎ፣ እንደ ጥያቄ ሆኖ ነው ያለቀው።

ያፌት አሳለ። ሆዱ ደገመ።

«አቶ ያፌት» አለች ሂክማ በተረጋጋ ድምፅ፣ «ካሜራው ድምፅ ስለሚይዝ ለመዝገቡ ያህል ልጠይቅዎት። ዛሬ ምሳ በልተዋል?»

ያፌት ካሜራውን አየ። «አልበላሁም።»

«ቁርስስ?»

«አልበላሁም።»

«እትዬ ሰዓዳ ሲጠይቁዎት ምን አሉ?»

«በልቻለሁ አልኩ።» ጆሮው ቀላ።

«ዋሹ እንዴ?»

«አልዋሸሁም! ሰው አንዴ ሲጠይቀኝ ዘልዬ ትሪ ላይ እወጣለሁ? ሰኞ ዕለት እኮ ሦስት ጊዜ ነው የለመናችሁኝ። ዛሬ ምን ሆናችሁ? ምን አደረግኳችሁ?» ድምፁ ተሰበረ። ያ እስከ መጨረሻው የተቆለፈ ሰው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ታዲያ ሰኞ ዕለት እትዬ ሰዓዳ በሞቴ ሲሉዎት እጅዎን ታጠቡ። ማን የቀበረብዎ ድብቅ ቃል ነው?»

ያፌት ማስታወሻውን ከደነ። ቀስ ብሎ ወደ ገበታው ዞረ። ሃያ ሦስት አረንጓዴ መብራቶች ጨዋ ሆነው ተቀምጠዋል። በዚያች ቅጽበት ካሜራው ጠፋ። ሦስት መቶ አርባ ስምንት ፎቶ።

«እነሱም…» አለ ያፌት።

«እነሱም አልበሉም። በሞቴ የሚለውን ካላመኑት ይተዉት። በራስዎ አፍ፣ በራስዎ ቃል ይለምኗቸው። እኔ መስመሬን አላልፍም።»

ያፌት ከካሜራው ያወጣውን ባትሪ ከጓደኞቹ ጋር መልሶ አስቀመጠ። ወዲያው ቢጫ ሆኖ ጥቂት ሞላና እንደ ልማዱ አረንጓዴ አበራ። ያፌት ጉሮሮውን ጠረገ። «ተጨማሪ ኃይል እንድትወስዱ በአክብሮት እንጠይቃለን።»

አንድም አልተነቃነቀ።

«ኧረ የደብዳቤ ቋንቋ ይተዉ!» አለ አቶ አቤኔዘር ከማዶ። «እናትዎ እንዴት ነበር የሚሉዎት?»

ያፌት ወደ ገበታው ተጠጋ። ከዚያ አውራ ጣቱን አንዱ ባትሪ ላይ አሳረፈ፣ ጎንበስ አለ፤ ድምፁም የሌላ ሰው ሆነ። «ብላ እንጂ የኔ ልጅ… አፈር ስሆን።»

ሃያ አራቱም ቢጫ ሆኑ።

በኋላ የመጣው ሁሉ በመዝገብ አለ። ካሜራው ያን ዕለት ወንበሩን አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ሦስት ጊዜ አነሣው፤ ውጤቱ ዘጠና ስምንት ሆነ፣ ሂክማ ግን ሰዓቱ ግማሽ ደቂቃ ዘግይቷል ብላ አንዷን ነጥብ አስቀነሰች። ማህተሟ ከሥሩ አረፈ። ዛሬ በመላው አገር በሚሸጠው ባትሪ መመሪያ ላይ የመጀመሪያው መስመር «ጠገብኩ ሲል አትመኑት» የሚል ነው፣ በየመሥሪያ ቤቱም ባትሪ የምትለምን አንዲት የተመደበች እናት አለች።

ያ ግን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያፌት ሠላሳ አንዱ የተጻፈበትን ገጽ ቀድዶ ወንበሩ ላይ፣ ያው በሚያነክሰው ወንበር ላይ፣ ቁጭ አለ። በሩ ተከፈተ። እትዬ ሰዓዳ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ከበሩ ጀርባ ትሪ ይዘው ሲመላለሱ ኖሯል፤ ሽሮው ሦስት ጊዜ ሞቋል።

«ልጄ፣ ብላ» አሉ።

«አመሰግናለሁ፣ በልቻ…» አለ ያፌት፣ ከአፉ አምልጦት።

እትዬ ሰዓዳ ወደ ሂክማ ዞረው አዩ። ሂክማ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እሺ» አሉና ትሪውን ይዘው መመለስ ጀመሩ።

«ኧረ እትዬ!» ያፌት ብድግ ብሎ ሽርጣቸውን ያዘ። «ገና አንዴ ነው እኮ ያሉኝ!»

ሂክማ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ቀዩን ቴፕ ረግጣ አለፈችና ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው። «ይብሉ፣ አቶ ያፌት። ስለ እኔ ብለው ይብሉ። በሞቴ!»

ያፌት እጁን ታጠበ። ከኋላው ገበታው ላይ፣ በዚህ መሐል ጥቂት ሞልተው እንደ ልማዳቸው አረንጓዴ ካበሩት ባትሪዎች መካከል፣ የተባልነው እኛ ነን ብለው ሰባቱ እንደገና ቢጫ ሆኑ።